ቀስ በቀስ ወደ ስሜን፦ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ ለሚጓዝ ቤተሰብ

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው። ጊዜው ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነበር። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከአዲስ አበባ ተነስተን ጎንደር ገባን፤ አንድ ሌሊት አደርን። በማግሥቱ ማለዳ መኪና ተከራይተን፣ ደባርቅ ላይ የፓርኩን ክፍያ ፈጽመን፣ ሳንቃ በርን በመኪና መስኮት አይተን አልፈን ከሰዓት በኋላ ጨነቅ ደረስን። የዓመት ዕረፍቴ አጭር ስለ ነበረ "ቀን ቆጠብኩ" ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማታ ድንኳን ውስጥ የአሥራ አንድ ዓመቷ ታላቋ ልጄ ራሷን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የበላችውን አስመለሳት። እኔ የመንገድ ድካም መስሎኝ "ተኚ የኔ ልጅ፣ ጠዋት ይሻልሻል" አልኳት። ከእኛ ጋር የነበረው ስካውት ግን ድምፁን ሰምቶ መጣ። በባትሪ ፊቷን አየት አደረገና ወደ ውጭ ጠራኝ። "ጋሼ፣ ተራራው ነገም እዚሁ ነው። ልጅቱን ግን ዛሬውኑ እናውርዳት" አለኝ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ተከራክሬው ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ አውጥቼ፣ ይህን ያህል መንገድ መጥቼ በሌሊት መመለስ ከበደኝ። እርሱ ግን ክርክሬን ሳይጨርስልኝ ሹፌሩን ቀሰቀሰ። በጨለማ፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ታች ወረድን። ደባርቅ ደርሰን ትንሽ እንደ ቆየን ልጄ ሻይና ዳቦ ጠየቀች። እኔ ግን እስኪነጋ አልተኛሁም።

ልጄን ያሳመማት የበላችው ምግብ ወይም ብርዱ አልነበረም፤ የእኔ ጥድፊያ ነበር። በዓመቱ ተመልሰን ሄድን፤ የዚያን ጊዜ ግን ቀስ ብለን ሄድን። ይህ ጽሑፍ ከሁለቱ ጉዞዎች የተማርኩትን ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ለማካፈል የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፦ የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ

ስለ ጫማና ስለ ስንቅ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። የሰሜን ጎንደር ሕዝብ ያለፉትን ዓመታት በብዙ መከራ ውስጥ አሳልፏል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። ያ ጦርነት በስምምነት ከቆመ በኋላ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነስቶ፣ በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ጊዜው ቢያልፍም የመንገዱ ነገር ዛሬም እንደየሳምንቱ የሚለዋወጥ ነው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበው ነገ ጠዋት ሻንጣ አያንሱ። በመጀመሪያ ጎንደርና ደባርቅ ላሉ ዘመዶችና ወዳጆች ይደውሉ። በዚያ መስመር የሚሠሩ ሹፌሮችን ይጠይቁ፤ ደባርቅ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ "አሁን አይመከርም" ካለ ይቆዩ። መጠበቅ ለልጆች የምናስተምረው ነገር ነውና እኛም እንማረው። ዕቅድ ማውጣትና ሰውነትን ማለማመድ ግን መንገዱ እስኪከፈት የሚጠብቅ ሥራ አይደለም፤ ዛሬ ከቤት ይጀመራል።

ለምን በእግር?

በእንግሊዝ አገር ብዙ ቤተሰቦች የመጀመሪያውን የብስክሌት ጉዟቸውን መኪና በማይገባበት መንገድ ይጀምራሉ። ከብሪስቶል እስከ ባዝ ከተማ የሚደርሰው 21 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ ከቀረ በኋላ በአብዛኛው የበጎ ፈቃድ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1986 ድረስ ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲሆን አድርገው ሠሩት። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል ሐዲዱ የተዘረጋበት መሬት ለጥ ያለ ነው፤ ሕፃን ልጅም አዛውንትም ይሄዱበታል። ሰዎቹ የሚከተሉት ደንብ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ቀን አጭር ይሁን፤ ከመኪና የራቀ ይሁን፤ ከሁሉ ደካማ የሆነው ሰው ፍጥነቱን ይወስን።

በእኛ በኩል ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ሐዲድ የለም። የከተማዋ ዳገትና ቁልቁለትም ለጀማሪ ብስክሌተኛ አይመችም፤ ብስክሌት መልመድ የፈለገ ሜዳማ ወደ ሆነችው ወደ ባሕር ዳር ይውረድ። ነገር ግን የስሜን ሰው ከጥንት ጀምሮ የራሱ የሆነ መኪና የማይገባበት መንገድ አለው፤ እርሱም የበቅሎ መንገድ ነው። እግርና ኮቴ ያለሰለሰው ይህ መንገድ በገደሉ አፋፍ፣ በጓሳ ሣርና በአስታ ዛፍ መካከል ያልፋል። እንግሊዞቹ ለብስክሌት ያወጡትን ደንብ እኛ ለእግር ልንጠቀምበት እንችላለን።

አራት ሳምንት በቤት

ጉዞው የሚጀምረው ከቤትዎ በር ነው። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ለአራት ሳምንታት መላው ቤተሰብ በሳምንት ሦስት ቀን አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይራመድ። እሁድ ከአምልኮ መልስ ታክሲ ትቶ በእግር ወደ ቤት መግባት አንዱ ልምምድ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ደግሞ ረዘም ይበል፦ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰዓት፣ በሁለተኛው አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሁለት ሰዓት። ውኃና ልብስ የያዘ ቦርሳ በጀርባ አዝለው ይሂዱ።

አዲስ አበባ የሚኖሩ ከሆነ እንጦጦ ከሁሉ ይበልጣል፤ ዳገትም ከፍታም በአንድ ቦታ ይገኝበታል። ጎንደር ከሆኑ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ኮረብታ መውጣት በቂ ትምህርት ይሰጣል። ጫማውን በዚህ ጊዜ ይለማመዱት። አዲስ ጫማ ገዝቶ በቀጥታ ተራራ መውጣት ማለት በሁለተኛው ቀን በቁስል ማነከስ ማለት ነው።

በቤቱ ውስጥ የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ካለች ከሐኪም ጋር መነጋገር ግድ ነው። በሁለተኛው ጉዟችን የስድሳ ስምንት ዓመት አባቴ አብረውን ነበሩ። ሐኪማቸው ፈቅዶላቸው ከመጡ በኋላ ዳገቱ ሲበረታ በቅሎ ላይ ይቀመጡ ነበር። ኮርቻ ያለው በቅሎ ደባርቅ ላይ መከራየት ይቻላል፤ በበቅሎ መሄድም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አያቶቻችን እንዴት ይጓዙ እንደ ነበር እናስታውስ።

ጎንደር፦ ሁለት ቀን ይቆዩ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወደ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ሁለት ቀን ቢቆዩባት እግርዎም ዓይንዎም ይጠቀማል።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወደ ፋሲል ግቢ ይግቡ። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ አድርገው ከቆረቆሩ በኋላ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው እያከታተሉ ያሠሯቸው አብያተ መንግሥት በአንድ ቅጥር ውስጥ ይገኛሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ልጆቹ ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው ሲሮጡ ሳያውቁት ጥሩ የእግር ልምምድ ያደርጋሉ። ከሰዓት በኋላ በእግር ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሂዱ፤ ከጣሪያው ሆነው ወደ ታች የሚያዩትን የመላእክት ፊት ልጆቹ ለመቁጠር ይሞክሩ።

በሁለተኛው ቀን የጥምቀት በዓል ወደሚከበርበት ወደ ፋሲል መዋኛ፣ ከዚያም አቅም ካለ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሯት ወደ ቁስቋም ይውጡ። መኪና ካለ ደግሞ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ኮሶዬ ሄዶ መመለስ መልካም ነው። መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ቆላው ከእግርዎ በታች ይዘረጋል። ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ካለ እዚህ ላይ ይታወቃል፤ ስሜን አፋፍ ላይ ከመታወቁ ይልቅ እዚህ ቢታወቅ ይሻላል።

ስንቁንም ከጎንደር ገበያ ይግዙ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ስኳር፣ ሎሚና ብርቱካን ለተራራ የሚመቹ ናቸው። ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ልጆችዎ የሚወዱትን ነገር ለይተው ይያዙ። የእኔዋ በዚያ ሁሉ ብርድ የበላችው በሶ በማር ብቻ ነበር።

ደባርቅ፦ የተራራው በር

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ወለቃን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ይሄዳል። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ አንድ ሌሊት ይደሩ! የመጀመሪያው ጉዟችን የተበላሸው ይህችን አንዲት ሌሊት በመዝለላችን ነው።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚሁ ነው። የመግቢያና የድንኳን ቦታ ክፍያ የሚከፈለው እዚህ ሲሆን ለአገር ውስጥ ጎብኚና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ የወቅቱን ዋጋ አስቀድመው ይጠይቁ። መሣሪያ የያዘ ስካውት ሳይኖር ወደ ውስጥ መግባት አይፈቀድም። መንገድ መሪ፣ በቅሎና ባለ በቅሎም እዚያው ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ በተራ ይሠራሉ፤ ጎብኚ በጠፋባቸው ዓመታት ብዙዎቹ ያለ ተራ ቆይተዋል። ስለዚህ ዋጋውን ከመነሳትዎ በፊት በግልጽ ይነጋገሩ፤ ከተነጋገሩ በኋላ ግን በመንገድ ላይ አይከራከሩ። ስንቅ ሲያዘጋጁ የእነርሱንም ያስቡ። ሌሊቱን ውርጭ ላይ ከእርስዎ ጋር የሚያድሩት እነርሱ ናቸውና።

የሦስት ቀን ዕቅድ

*አንደኛው ቀን።* ከደባርቅ በመኪና እስከ ቡይት ራስ ይሂዱና እዚያ ይውረዱ። ከዚያ በኋላ መኪናውን ይርሱት። የጭላዳ መንጋ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ አካባቢ ነው። ከዚያ የገደሉን አፋፍ ይዞ እስከ ሳንቃ በር የሚወስደው መንገድ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ድንኳን ይተከላል፤ ልጆቹ ይጫወታሉ፤ ትልልቆቹ ሻይ ይጠጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ይኸው ነው።

*ሁለተኛው ቀን።* ሻንጣውን ሳንቃ በር ትተው ወደ ጂንባር ፏፏቴ መመልከቻ በእግር ይሂዱና ይመለሱ። ውኃው ወደ ግጭ ገደል ቁልቁል ሲወረወር ከማዶ ሆነው ያዩታል። በመስከረምና በጥቅምት ውኃው ብዙ ነው፤ እስከ ጥር ይቀጥናል። አፋፉ አጥር የለውምና ትንንሽ ልጆች እጃቸው ይያዝ። ማታ እዚያው ሳንቃ በር ይደሩ። ጠንካራ ተጓዦች በዚህ ቀን ወደ ግጭ ሰፈር፣ ወደ 3,600 ሜትር ይቀጥላሉ። እርስዎ ግን የመጀመሪያ ጊዜዎ ስለ ሆነ አይቸኩሉ።

*ሦስተኛው ቀን።* መኪናው በጠዋት ሳንቃ በር ይምጣና ወደ ጨነቅ ያድርስዎ። ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል። በአፋፉ አጠገብ አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ይራመዱ። ዋልያ የሚታየው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ከዚያ ምሳ በልተው በዚያው ቀን ወደ ደባርቅ ይውረዱ። በቀን ከፍ ብሎ መዋል፣ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ሰውነትን የማያስጨንቅ የቆየ ዘዴ ነው።

ራስ ዳሸንስ? ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው የአገራችን ከፍተኛ ተራራ ተጨማሪ ብዙ ቀንና የጠነከረ እግር ይፈልጋል። ለሌላ ዓመት ይቆይ።

የከፍታ ሕመምን ይወቁ

እኔ ባለማወቄ ልጄ የተሠቃየችበትን ነገር እርስዎ አውቀው ይሂዱ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆኑ በኋላ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳያደርጉ ነው።

አሁን የእኔን ስሕተት በቁጥር ይመልከቱት። በመጀመሪያው ጉዞ ከጎንደር 2,200 ሜትር ተነስተን ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ አደርን፤ በአንድ ቀን 1,400 ሜትር ማለት ነው። በዚህ ዕቅድ ግን ከጎንደር ደባርቅ 650፣ ከደባርቅ ሳንቃ በር 400 ሜትር ብቻ ይጨምራሉ፤ ሁለተኛውን ሌሊትም እዚያው ያድራሉ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ከታዩ ወደ ላይ መሄድ ይቆማል፤ ካልተሻለው በሽተኛው ይወርዳል። ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የተምታታ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ማውረድና ሐኪም ዘንድ ማድረስ ያስፈልጋል። ልጆች ብዙ ጊዜ "ራሴን አመመኝ" ከማለት ይልቅ ዝም ይላሉ ወይም ያለ ምክንያት ይነጫነጫሉ። በየሰዓቱ ይጠይቋቸው። አባት "ደህና ነሽ አይደል?" ብሎ ሲጠይቅ ልጅ ላለማሳዘን "አዎን" ትላለች፤ ስለዚህ "የት ነው የሚያምሽ?" ይበሏት።

ምን ይያዝ?

ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀኑ ግን ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ ለሁለቱም ይዘጋጁ።

ለሌሊት፦ ወፍራም ሹራብ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ሁለት ካልሲና ጥሩ የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል። ጋቢ አይቅር፤ ከድንኳኑ ውጭ እሳት ሲሞቁ እርሱን የሚያህል ልብስ የለም።

ለቀን፦ ባለ ጥላ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የዝናብ ልብስና ውኃ መያዣ ይያዙ። የባትሪ መብራት ለየሰው አንድ አንድ ይሁን።

ውኃ አፍልተው ይጠጡ። ከፍታ ላይ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ በሳንቃ በር ገና 89 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ስለዚህ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ሽሮውም ከቤት ይልቅ ይዘገያልና ምግብ ሠሪዋን አያስቸኩሏት።

ወቅቱን በተመለከተ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናብና ጉም ይበዛል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል፤ ተራራው ለምልሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ ይገኛል።

ምን ያያሉ?

ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ትርፉ ማየት ነው። እግርዎ የሚረግጠው ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ የተደራረበ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ያንን ከምር ዝናብና ወንዝ ለብዙ ዘመን እየቆረጡት እነዚህ አምባዎችና ገደሎች ቀሩ።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የለም። ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ ሣር በመብላት የሚኖር እንስሳ ነው፤ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ እየነጨ ይበላል። ወንዱ በደረቱ ላይ ባለው ቀይ ምልክት ይታወቃል። ቀርበው ቁጭ ቢሉ አይሸሽዎትም። ነገር ግን ምግብ አይስጡት፤ የሰው ምግብ የለመደ ጭላዳ የገበሬው ጠላት ይሆናል። ዋልያ ደግሞ ከስሜን በቀር ሌላ አገር የለውም። ቀይ ቀበሮም አለ፤ ቁጥሩ ጥቂት ነውና ካዩ ዕድለኛ ነዎት። ጅብራን ሳያዩ ግን አይመለሱም። ለዓመታት ሲያድግ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም አበባውን ያወጣና ይሞታል።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ሆነ። የዋልያ ቁጥር በመመናመኑና እርሻው በመስፋፋቱ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣውም በ2017 ነው። ይህ በነጻ የተገኘ አይደለም። በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከቀያቸው ተነስተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ባለ በቅሎውን ወይም ስካውቱን ቢጠይቁት ከዚያ ሰፈር ዘመድ ያለው ሊሆን ይችላል። ሲያወራዎት ያዳምጡት፤ የምናደንቀው ዝምታ የአንድ ሰው የልጅነት መንደር ነበረ።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደግሞ በጓሳውና በአስታው ላይ የተነሳው እሳት ሰፊ ቦታ አቃጥሏል። የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ሲታገለው ሰንብቶ ከውጭ አገርም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ስለዚህ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት አይለኩሱ፤ ክብሪት ለልጆች አይስጡ፤ ቆሻሻዎን ይዘው ይውረዱ።

የተመለስንበት ዓመት

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ይህንኑ የሦስት ቀን ዕቅድ ይዘን ሄድን። ደባርቅ ስንደርስ ያንን ስካውት ጠይቄ አገኘሁት። ልጄን አይቶ "አደግሽ እኮ!" አላት። ለአባቴ በቅሎዋን እያስተካከለ "አባባ፣ እግርዎን እዚህ ላይ ያድርጉ" ሲል ባለፈው ዓመት የተከራከርኩት ሰው መሆኑን አሰብኩና አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቅሁት። "ምንም አይደል ጋሼ፤ አባት ነዎት፣ ማሳየት ፈልገው ነው" ብሎ ነገሩን አቀለለልኝ።

በሁለተኛው ቀን ጂንባር አጠገብ ልጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በሶዋን ትበላ ነበር። ራስሽን ያምሻል ወይ? አልኳት። "አያመኝም አባዬ፣ ግን ዛሬ እዚሁ ብንውልስ?" አለች። ሰዓቴን ልመለከት እጄን አንስቼ ተውኩት። እዚያው ዋልን። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ፏፏቴውን ሲሸፍነውና መልሶ ሲገልጠው አየን። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ለልጅ ልጃቸው አያታቸው በበቅሎ ከጎንደር እንዴት እንደ ተጓዙ ነገሯት፤ እኔም ያንን ታሪክ የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ለእኛ አልተከፈተም። ስካውቱ ጋር በበዓል እንደዋወላለን። "ሰላም ሲሆን ኑ፤ በቅሎዋ አለች" ይለኛል። እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ መውጣታችንን አልተውንም።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎም በዚህ ሳምንት ከቤተሰብዎ ጋር ተቀምጠው ማን ቶሎ እንደሚደክም፣ ማን ከፍታ እንደሚፈራ፣ ማን በቅሎ እንደሚያስፈልገው ይነጋገሩ። የዚያን ሰው እርምጃ የጉዞው መለኪያ ያድርጉት። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዎን አጥልቀው ለአንድ ሰዓት ይውጡ። እግዚአብሔር ለዚያ አገር ሰላሙን ያብዛለትና፣ መንገዱ ሲከፈት ተዘጋጅተው ይጠብቁ። ተራራው እንደሆነ ነገም እዚያው ነው።